ባለ ርግቡ ድስት

ሥልጡኖች ነን እኛ የጭሮ ሰዎች። ስለ እኩልነት ተሰብስበን ግማሽ ቀን እናጨበጭባለን፤ ከአዳራሹ ወጥተን ሸክላ ሠሪ ስናይ ግን፣ ቡዳዋ እንዳትበላብን ልጃችንን በነጠላ እንሸፍናለን።

ገበያው ዳር የምትቀመጠዋ ሴትዮ ይህን ሥልጣኔያችንን ጠንቅቃ ታውቃለች። ሕፃን ያዘለች ገዢ ስትመጣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ ታቀረቅራለች። ጥፍሮቿ ሥር ቀይ አፈር አለ። በየድስቱ ክዳን ላይ የኖኅን ርግብ ትሠራለች፤ ላባዋን በግራር እሾህ ስትጭር ከንፈሯ ይጸልያል። ቢሮዎቻችን ርግቧን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው «ባህላችን» ይሏታል። ከሠሪዋ እጅ ውኃ ተቀብሎ የሚጠጣ ካለ ግን እጁን ያውጣና እንየው!

ቅዳሜ ዕለት እኔም እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንዲት ወጣት ሕፃን አዝላ ከአማቷ ጋር መጣች።

«እትዬ፣ ባለ ርግቡን ድስት ያቀብሉኝ» አለች።

«ሸፍኚ እንጂ አንቺ! ምን ያፈዝዝሻል?» አማትየዋ ነች።

ወጣቷ ሸፈነች። ሴትዮዋ እጃቸው እንዳይነካካ ድስቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ገፋ አደረገችላት። ወጣቷ አንስታ ከአማቷ ጋር ሄደች።

ከሸክላ ሠሪዋ አጠገብ ሽንኩርት የምትሸጥ ባየች የምትባል ሴት ወደ ጆሮዬ ተጠጋች፤ «የሸክላ ሠሪዋ ልጅ እኮ ናት። ባሏ ቤት የገባችው እናቴ ሞታለች ብላ ነው። ቢያውቁ አንድ ቀን አያሳድሯትም።»

ሸክላ ሠሪዋ ሰምታናለች። አሁንም እንዳቀረቀረች፣

«ባየች፣ ያዘለችው ወንድ ነው ሴት?» አለች።