በኮርማው አንገት የታሰረው ገመድ

ማናዬ ወረታ ላይ የመኪና ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ነበር። ሲያስረዳ መጀመሪያ በጥፊ ነው፣ ቀጥሎ በቃል። የከባድ መኪና ሾፌር ቀጭን ሽቦ ይዞ መጥቶ «አያ ማናዬ፣ ይቺ አትበቃም?» ካለው አለቀለት፤ መልሱን ጆሮ ግንዱ ላይ ያገኛታል። ሰዉ ክፋት ይመስለው ነበር። መዳፉን ያየ ግን ነገሩ ይገባዋል። አንድ ቀን ክር በምታህል ሽቦ ሁለት ባትሪ ሲያገናኝ ሽቦዋ በእጁ እንዳለች ቀልታ ሥጋው ውስጥ ገባች። ጠባሳው መዳፉን ለሁለት ከፍሎታል።

በነሐሴ፣ የፎገራ ሜዳ ውኃ በሆነበት ሰሞን፣ እህቱ ገላነሽ እስከ ጭኗ ጭቃ ለብሳ ከቁሐር ሚካኤል መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት።

«ምን ሆንሽ እታለም? ማን ነካሽ?» እጅጌውን ሰብስቧል።

«ማንም አልነካኝ። ከቆጤ ላይ ያለው ሽቦ ይግላል። ትናንት ድመቷ ተጠግታው ጮኻ ወረደች። ቤቴ ሊነድ ነው፣ ወንድምዓለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከድርቁ በኋላ አንድ የርዳታ ድርጅት ለቁሐር ገበሬ ማኅበር የፀሐይ መብራት ሰጠ። ፀሐይ የሚቀበል ሰሌዳ፣ ሁለት ትልልቅ ባትሪ፣ አምፖሎች፣ ድምፅ ማጉያ፣ አውራ ጣት የሚያክል ወፍራም የመብራት ገመድም አለው። ሁሉም ከጉብታው ታች ባለው የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ እንዲሆን ነበር። ሊቀ መንበሩ አንለይ ግን የፎገራ ሰው ነው፤ ክረምት ሲመጣ ውድ ዕቃ ሁሉ ወደ ጉብታ ይወጣል። ባትሪውን እንደ ዘር እህል አስጭኖ ከፍታው ላይ ካለው ከገላነሽ ቆጥ ሰቀለው። እስከዚህ ክፋት የለውም። ወፍራሙ ገመድ ግን ከዚያ አዳራሹ ድረስ አልደርስ አለ። አንለይ ደግሞ ከልጆቹ የሚያስበልጠው ኮርማ ነበረው፤ የጠፍር ማሰሪያ በረግረጉ እየበሰበሰበት ተቸግሯል። ወፍራሙን ገመድ ለኮርማው አሰረው! ለመብራቱ አሮጌ የስልክ ሽቦ ጎተተ።

ማናዬ ደርሶ ቆጡ ላይ ወጣ። የስልክ ሽቦዋ ሣር ክዳኑ ውስጥ ተሰክታ የላስቲክ ቆዳዋ ቀልጧል። ከባትሪው ሥር ፊውዝ የምትባል አለች፤ ጭነቱ ሲበዛ ከሽቦው ቀድማ ተቃጥላ ቤቱን የምታድን። በቦታዋ ምስማር ቆሟል።

«ፊውዟን ማን አወጣት?»

«አንለይ ነዋ። እየተቃጠለች መብራቴን አጠፋችብኝ ብሎ።»

ምስማሩን ነቀለው። እንደ ወረደ አንለይና ሚሊሻው አያልነህ ከነጠመንጃው ደጃፍ ቆመዋል። ከሰዓት ካድሬዎች ይመጣሉ፣ ሰዉ ከሥር ተሰብስቧል፣ ድምፅ ማጉያው ዝም ብሏል።

«አሻጥር!» አለ አንለይ። በስብሰባ ድምፁ ነው፤ ቤቱ ውስጥም በዚያው ድምፅ ነው ወጥ የሚጠይቅ ይሉታል። «ኢኮኖሚያዊ አሻጥር! መልሰህ ቀጥል!»

«ስማ። አምፖሉና ጩኸቱ ሲበዛ ሽቦው መወፈር አለበት። መንገዱ ሲረዝምም እንዲሁ። መንገድ ማለት ደግሞ መሄጃው ብቻ አይደለም፣ መመለሻውም ይቆጠራል። ይቺ ክር ግማሹን ኃይል መንገድ ላይ ታስቀርና አምፖልህ ይፈዛል። ሁለቱ ጫፎች የተነካኩ ለታ ደግሞ እሳት ናት። ገመዱን ከኮርማህ ፍታ።»

«ኮርማዬንማ አትጥራ! አንተ የባትሪ ውኃ ቀጂ!»

ጥፊው መጣ። የአንለይ ሁለት ጥርስ ጭቃው ላይ ወደቀ። አያልነህ በሰደፍ የማናዬን ጎን አለው፤ አጥንቱ ቀሽ ሲል ከሥር ያለው ሰው ሰማ። ሲወድቅ በጫማ ፊቱን፣ ሆዱን፣ የተሰበረውን ጎን። ማናዬ አፉ ጭቃ ሞልቶም «ምስማሩን... እንዳትመልሱ» ይላል።

አንለይ ደሙን እየተፋ ከማናዬ እጅ የወደቀውን ምስማር አነሳና መሰላሉን ወጣ። ገላነሽ እግሩን ይዛ «ውረድ! ቤቴን!» ስትል ደረቷን በእርግጫ አላት፤ ምድጃው አጠገብ ተዘረረች። ቀልጠው የተራቆቱትን ሁለት ሽቦዎች በንዴት አንድ ላይ ጠመዘዛቸውና ምስማሩን ተከለ።

ሽቦው ቀላ። ሣሩ ቦግ አለ።

አንለይ ዘሎ ወጥቶ ሮጠ። ማናዬ በሆዱ ተሳበ፣ መሰላሉን በጥርሱም በጥፍሩም ወጣ፣ የቀላውን ሽቦ በዚያው ጠባሳ መዳፉ ጨብጦ በጠሰው። ጩኸቱ ጣራ ገዳም ድረስ ተሰማ ይላሉ፤ ይሄ እንኳ ውሸት ነው። ሰዉ ውኃውንም ጭቃውንም በእንስራ በነጠላ እያፈሰ ሣሩን ጎትቶ ጣለ። የቤቱ ግማሽ ተረፈ።

ገላነሽ ደረቷን ይዛ ወጣች። ማንንም አላየች። ቀጥ ብላ ከጉብታው ሥር ወደታሰረው ኮርማ።

«ኮርማዬን እንዳትነኪ!» አንለይ ነው።

«ኮርማህን ምን ላደርገው? ገመዴን ነው።»

ቋጠሮውን ፈታችው። ጢስና ጩኸት ያሳበደው ኮርማ የተለቀቀ ጊዜ መጀመሪያ ያገኘው ባለቤቱን ነው። ጭኑን በቀንድ ወግቶ አነሳውና ውኃ የተኛበት ማሳ ላይ ጣለው።

ማናዬን እጁን አስረው ወረታ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። ብዙም አልቆየ፤ ድምፅ ማጉያውን የሚሠራ ሌላ ሰው ጠፋ። ጎኑ ታስሮ፣ ከንፈሩ እንደ ዱባ አብጦ መጣ። ለባትሪው ከቤቱ ውጭ፣ ውኃ ከማይደርስበት፣ የጭቃ መደብና መከለያ ሠራ፣ ፊውዟን መለሰ፣ ገመዱን ዘረጋ። ገመዱ ግን አዳራሹ ሳይደርስ ከጉብታው ግርጌ ቀረ።

«በስልኩ ሽቦ ቀጥልበታ» አለ አያልነህ።

ማናዬ የተጠቀለለ እጁን አነሳ። አያልነህ ከነጠመንጃው ወደ ኋላ አለ።

«ገመዱ ካልደረሰ ሰዉ ይምጣ» አለች ገላነሽ። «ሰው እግር አለው።»

ከዚያ ወዲህ የቁሐር ስብሰባ ገላነሽ ደጅ ሆነ። አንለይ በከዘራ እያነከሰ ጉብታውን ይወጣል፤ በሁለቱ ጥርሶች ቀዳዳ ድምፅ ማጉያው ላይ «ጓዶች» ለማለት «ጓዶሽ!» ይላል፤ ማኅበርተኛው ሳቁን በጋቢው ያፍናል። ምስማሩን ገላነሽ በሯ መቃን ላይ መትታዋለች። አንድ ቀን አንለይ «እንዲያው አንድ አምፖል ብንጨምር...» ሲል ወደ ምስማሩ ዞር ብላ አየች።

«ወረታ ውረድና ማናዬን ጠይቀው» አለችው። «ጆሮህን ይዘህ ግን።»