የመብሩካ ሚዛንና ሦስት ቁጥር

መብሩካን የማውቃት ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ዕቃ እየተቀበለች በአውቶቡስ ወደ ሰሜን መላክ ከጀመረች ጊዜ አንስቶ ነው። ያኔ ሚዛኗ የሚንጠለጠል ነበር፤ ከበርጩማዋ ሳትነሳ አየት አድርጋ «አሥራ ሁለት ኪሎ» ካለች የሚከራከራት የለም። ዛሬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በር ለበር ነን።

ዘንድሮ ባሏ ሸሪፍ ኮምፒውተርና የኤሌክትሪክ ሚዛን ገዛ። የእህቱን ልጅ ዩምናንም ኮምፒውተሩን እንድትይዝ አመጣ። ከዚያ ወዲያ ለመጣ ለሄደው፣ «ዩምና ባትኖር ምን ይውጠን ነበር!» ሆነ ወሬው። መብሩካ ይህን በሰማች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። ደሴ ያለች ልጇ መውለጃዋ ደርሶ «እማዬ፣ ነይልኝ» እያለች ስትለምናት እንኳ፣

«ሄጄ ስመለስ በርጩማዬ ላይ ማንን ላገኝ ነው?» አለችኝ።

አንድ ጠዋት መርሳ ላለች እህቴ በርበሬ ልልክ ብሄድ፣ ሰልፉ በር ደርሷል። ሚዛኑ ኪሎውን ለኮምፒውተሩ አልነግር ብሏል።

«አኮረፈ እንዴ!» አለ አንድ ተሸካሚ።

«ይቺ ናት! ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነካክታው ነው!» አለች መብሩካ።

«ወላሂ አልነካሁም፣ እትዬ!» ዩምና ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጎንበስ ብላ አየች። «ማታ ገመዱን ነቅለውት ነበር?»

«ታዲያ! መብራት ሲሄድ ሲመጣ ይቃጠል?»

እውነቷን ነው፤ እኔም ቴሌቪዥኔን ሳልነቅል ተኝቼ አላውቅም።

«ጠዋት ሲሰኩት የኮምፒውተሩን ቀዳዳ ቀይረውበታል። ኮምፒውተር ለተሰካበት ዕቃ ሁሉ ቁጥር ይሰጣል። ሚዛኑ ሦስት ነበር፣ ማተሚያው አራት። በሌላ ቀዳዳ ሲመጣበት አዲስ እንግዳ መሰለውና አምስት አለው። ፕሮግራሙ ግን አሁንም ሦስትን ነው የሚጠራው፤ ማን አቤት ይበለው?»

«ሦስትንስ ለሌላ አይሰጥበትም?» አለች መብሩካ።

«አይሰጥም። እስኪመለስ ይዞለት ይቆያል።»

ገመዱን ወደ ቦታው መለሰችው፤ ሚዛኑ ሠራ። መብሩካ ግን ወደ ባሏ ዞረች።

«ሰማህ ሸሪፍ? ብረት እንኳ ለሄደ ቦታውን ይጠብቃል። አንተስ?»

«ኧረ አንቺ ሴት! ደግሞ በሚዛን መቅናት ጀመርሽ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ የጠየቀችውን አልመለሰላትማ።

በማግስቱ ደሴ ሄደች። ጎህ ሳይቀድ በሬን አንኳኩታ ያቺን አሮጌ በርጩማ አስረከበችኝ።

«ማንም እንዳይቀመጥባት፣ እትዬ የማርያምወርቅ። እርስዎም ቢሆኑ!»

አልተቀመጥኩባትም። አቧራዋን ብቻ እጠርግላታለሁ።