ባይሳ ከፈረሱ የወረደ ዕለት

ፈረሰኛ ፖሊሱ ማዘንጊያ ሁለት ፈረስ እየሳበ ከደጇ ሲቆም፣ ድርቤ ኑግ ታበጥር ነበር። አንዱ ፈረስ የወንድሟ የባይሳ ነው፤ ኮርቻው ባዶ ነበር።

«አዴ ድርቤ፣ ሰፌዱን ያስቀምጡት» አላት፣ እንደ እናት አክብሮ።

አላስቀመጠችም። «ቆስሎ ነው?» አለችው።

ማዘንጊያ አቀርቅሮ የባይሳን ፈረስ ልጓም ዘረጋላት። ያን ጊዜ ገባት።

ባይሳን ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት የወተት ጥርሱን ገና አልነቀለም ነበር። ሲጎረምስ የነቀምት ነጋዴዎችን በቅሎ ይገራ ጀመር። ፈረሰኛ ፖሊስ የገባውም ለደመወዙ ሳይሆን ለፈረሱ ብሎ ነው። «ኧረ ሚስት አግባ» ስትለው፣ «አዴ፣ ፈረስ ሲጥለኝ እነሳለሁ፤ ሚስት ስትጥለኝ ማን ያነሳኛል?» እያለ ያስቃት ነበር።

በዚያ በጋ ከሩቅ ቆላ የመጡ ሽፍቶች የጊዳን መንደሮች ከብት ነዱ። ፈረሰኞቹ ከኡኬ ጣቢያቸው ተነስተው አሳደዷቸውና አንገር ወንዝ ዳር ደረሱባቸው። ውጊያው ከአንዲት መንደር አፋፍ ላይ ሆነ፤ ጥይቱ የቤት ክዳን እየበሳ ሲያልፍ ወሰኔ የተባለች ባልቴት ሲንቄዋን፣ ስትዳር የተሰጣትን በትር፣ ይዛ ሴቶቹን አስከትላ ወጣች። በዚያ አገር ሴት ሲንቄ ይዛ ከመሐል ከቆመች ጠብ ይቆማል። አልፏት የሚተኩስ ወንድ የለም።

«እንዳትወርዱ!» ብሎ የፈረሰኞቹ አለቃ ጮኸ።

ባይሳ ግን ከልጅነቱ ያየውን አደረገ። ወረደ፣ ጠመንጃውን መሬት አስቀመጠ፣ እርጥብ ሣር ነጭቶ የሰላም ምልክት አድርጎ ያዘ።

ሽፍቶቹ ሲንቄ የሚባል ነገር አያውቁም። ሴቶቹን አልነኩም፤ እሱን ደረቱን መቱት። ከዚያ ከብቱን እየነዱ ወንዙን ተሻገሩ።

«እኔ አልወረድኩም» አላት ማዘንጊያ ይህን ነግሯት ሲጨርስ። «እኔ ባደግሁበት አገር ሲንቄ የለም፣ አዴ።»

«ደግ አደረግህ» አለችው።

ሐዘኑ ሳይወጣ ወሰኔ ከጊዳ በእግሯ መጣች። እንደ በደለኛ ከአጥሩ ውጭ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሽፍቶቹም የሚያከብሩኝ መስሎኝ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃናት ነበሩ። ይቅር በይኝ።»

ድርቤ ውኃ ሰጠቻት። እሷም በወሰኔ ቦታ ብትሆን ሲንቄዋን ይዛ ትወጣ እንደነበር ታውቃለች። «ይቅር ብዬሻለሁ» ማለት ግን አልሆነላትም።

«ዛሬ ሂጂ፣ እናቴ» አለቻት።

ወሰኔ ዛሬም ትመላለሳለች። ድርቤ እስካሁን ይቅር አላለቻትም።