የአሮጌዋ ላንድሮቨር ወለል

ዛሬ ባለቤቴ ከሰቆጣ እስከ አምደወርቅ እግሯን የመኪናችን ወለል ላይ አሳርፋ ሄደች።

አሮጌዋን ላንድሮቨር ያደስኳት ለእሷ ነበር። ባለፈው ግን የሞተሩ ሙቀት በወለሉ ቆርቆሮ አልፎ የጫማዋን ሶል አቀለጠውና፣ "ሁለተኛ እዚህ ምድጃ ላይ አልወጣም!" ብላ ማለች።

የጋራዥ ልጆች "አባባ፣ ምንጣፍ ይግዙ" አሉኝ። አልገዛሁም።

ሰጋቱራ ከስንዴ ዱቄት በተሠራ ሙጫ ለውሼ ወለሉን ለበጥኩት። አይጥ በላው። ጥፋቱ የአይጥ እንጂ የሰጋቱራው አይደለም።

ሁለተኛውን በአናጢ ኮላና በዘይት ቀለም ለወስኩት፤ እያደረቅሁ ሦስት ጊዜ ደራረብኩት።

አምደወርቅ ስንደርስ "አሁንስ?" አልኳት።

"አሁንማ በረደኝ። ጋቢዎን ይስጡኝ" አለች።

አውልቄ ሰጠኋት።

እናንተስ የአሮጌ መኪናችሁን ወለል በምን ለበጣችሁት? አይጥ የበላበትም ካለ ሳያፍር ይጻፍልኝ።