ልጄን ካራቆሬ ያስቀረሁበት ቀን

ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት፣ ከመጽሐፈ ምሳሌ እንደ ቀኑ ቁጥር አንድ ምዕራፍ አነባለሁ። ለደንበኛ ጠባይ፣ ለጎረቤት ነገር፣ ለሁሉም መላ አገኝበታለሁ። በተለይ ለምላሴ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ብቻውን ሰው ያናድዳል።

ያን ቀን ግን አንብቤ ሳልጨርስ ልጄ በደሴ መንገድ ካለችው ካራቆሬ ደወለች። አክስቷ ዘንድ ሰንብታ መመለሷ ነበር።

"እማዬ፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም ይላሉ። መኪናው ደግሞ እየሞላ ነው። ልምጣ ወይስ ልቅር?"

"ቆይ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ" ብዬ ዘጋሁና ምዕራፉን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስለ ሰነፍና ስለ ትጉ፣ ስለ ትዕግሥትና ስለ ቁጣ ይናገራል። ስለ ሚኒባስ አንድም ቃል የለም። "ጌታ ሆይ፣ ጥበብ ስጠኝ፤ ደግሞ ቶሎ በል" አልኩ። ሲጨንቀኝ ከእግዚአብሔርም ጋር እጨቃጨቃለሁ።

ገበያው በወሬ ይታመሳል። አንዷ መንገዱ ተዘግቷል ትላለች፣ ሌላው ሰው ታግቷል ይላል። በዚህ መሀል አንድ አፋር ደንበኛዬ፣ ፍየል ሸጠው ከእኔ በቆሎ የሚገዙ ሽማግሌ፣ በካራቆሬ በኩል መጥተው በራፌ ላይ ቆሙ።

"አባባ፣ መንገዱ እንዴት ነው?" ብዬ ዘልዬ ያዝኳቸው።

አፋር ግን እንዲህ አይጠየቅም። ዳጉ የሚሉት የወሬ ልማድ አላቸው፤ ሰው አረፍ ብሎ፣ ሰላምታው አልቆ፣ ወሬው በተራ ይነገራል። በዓይን የታየው ለብቻ፣ በጆሮ የተሰማው ለብቻ። ሽማግሌው ተቀመጡ። የቤቴን ጤና፣ የሱቁን፣ የዝናቡን ጠየቁኝ። ስለ ሣሩና ስለ ግመሎቻቸው አወሩኝ። ስልኬ እጄ ውስጥ በላብ ርሷል። ልጮህባቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

"መንገዱ ተዘግቷል አሉ" አልኩ በመጨረሻ።

"በዓይንሽ አየሽ?"

"ሰማሁ።"

"የነገረሽ ሰው አይቷል?"

"እሱን አልጠየቅኩም።"

"እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ድልድዩ ጋ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መኪና ያስቆማሉ። መታወቂያ ያያሉ። ሰው ሲያወርዱ አላየሁም። እንደሚያወርዱ ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ልጄ ትምጣ?"

"እሱን አላየሁትም" አሉ።

ደወልኩላት። ያዩትን እንዳዩት፣ የሰሙትን እንደሰሙት ነገርኳት፤ ከራሴ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ከዚያ "ቅሪ" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ልትሳፈርበት የነበረው ሚኒባስ ገባ። መናኸሪያ ድረስ ሮጥኩ። ተሳፋሪው ሁሉ በደህና ወረደ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም እየሳቁ። የልጄ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ መጥቷል። እፎይ ብዬም ተናድጄም ደወልኩላት።

"መኪናው በሰላም ገብቷል" አልኳት። እሷ በሹክሹክታ "እማዬ፣ እዚህ ተኩስ ተጀምሯል። አልጋ ሥር ነን" አለችኝ። መስመሩም ተቋረጠ።

ልጄ ከቀናት በኋላ መንገዱ ሲከፈት በሕይወት መጣች። "ቅሪ" ማለቴን አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እኔ ዛሬም በየጠዋቱ አንድ ምዕራፍ አነባለሁ። ጥበብ ስጠኝ ማለት ግን ያስፈራኛል። ቢሰጠኝም እንኳ፣ ልጄ ደውላ ስትጠይቀኝ "ነይ" ወይም "ቅሪ" የምላት እኔው ነኝ።