ወዲያው እሺ የተባሉ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ኤላድ ሳሎን ተቀምጦ ከሥራው የተላከለትን ትምህርት በስልኩ ያዳምጥ ነበር። ሥራው በስልክ እየደወሉ ኢንሹራንስ መሸጥ ነው። አስተማሪው ድምፁ የተሞረደ ጎረምሳ ነው፤ እምቢ ያለ ደንበኛ እንዴት እንደሚረታ ከጥንት ቻይናውያን የጦር ጥበብ እየጠቀሰ ያስረዳል። እኔ ጠረጴዛው ላይ ምስር እየለቀምኩ በግማሽ ጆሮዬ እሰማለሁ። ሰውየው የባዶዋን ከተማ ታሪክ ሲተርክ ግን እጄ ቆመ።

«ይቺን እኮ አውቃታለሁ» አልኩት።

ኤላድ ስልኩን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ። «ኢማ፣ አንቺ? ከየት?» አለኝ። የእናቱ እውቀት ከምስር የሚያልፍ አይመስለውም። አባቴ ሶፋው ጥግ በነጠላው ተሸፋፍኖ እንደተኛ ነው፤ ወይም የተኛ መስሏል። በእሱ ነገር እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ከየት እንደማውቃት ልናገር።

ያኔ ብሔራዊ አገልግሎቴን ጨርሼ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ጀምሬ ነበር። ከአባቴ ጋር ኤይን ሀትኽሌት በሚባል ሰፈር፣ ባሕሩ በማይታይበት ግን በሚሸትበት አንድ አሮጌ ሕንፃ እንኖራለን። እናቴ አዲስ አበባ ወደዚህ የሚያመጣንን አውሮፕላን ስንጠብቅ ነው የሞተችው፤ እኔ ልጅ ነበርኩ። የአባቴ ወንድሞችና እህቶች አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ቀሩ፣ ሌሎቹም ጎንደር ሳሉ አለፉ። ስለዚህ ቤታችን እኔና እሱ ብቻ ነበርን። በክሊኒኩ፣ በኩፓት ሆሊም፣ ቀጠሮ የማስይዝለት እኔ፣ ከሐኪሙ ጋር የማነጋግረው እኔ፣ ባንክ ቤት አብሬው የምቆመው እኔ። ያኔ ዕብራይስጡ ከ«ሻሎም» እና ከ«ቤሴደር»፣ ከሰላምታና ከእሺ፣ እምብዛም አላለፈም።

አባቴ ፈረደ ጠርጣራ ነበር። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የምትለውን ተረት እንደ ጸሎት ይደጋግማታል። የአውቶቡሱ ሹፌር ዙሪያ የሚሄደው ሆን ብሎ ነው። ቲማቲም ሻጩ «ቅመስ» ካለ ከሥር የበሰበሰ አለ። የአየር ትንበያ ነጋሪዋ ፈገግ ካለች ጃንጥላውን ይዞ ይወጣል። ደግሞ መናደጃው ነገር፣ አልፎ አልፎ ልክ ሆኖ ይገኛል።

ሥራው ሽሚራ ነበር፣ ጥበቃ። ኢር ያሚም የዛሬው ባለ ፎቅ ሰፈር ከመሆኑ በፊት አሸዋና ክሬን ብቻ ሳለ፣ አንድ የግንባታ ቦታ በር ላይ ባለች ጠባብ ጎጆ ተቀምጦ ይጠብቃል። እዚያ ሊን ከሚባል ቻይናዊ ብረት አሳሪ ጋር ተወዳጀ። ሊን በምሳ ሰዓት ሩዙን ይዞ ወደ ጎጆዋ ጥላ ይመጣል። የሁለቱ ዕብራይስጥ ቢደመር አንድ ስኒ አይሞላም፤ ሆኖም ያወራሉ። ሊን በምስማር አሸዋ ላይ የከተማ ግንብ ይስላል፣ ጠጠር ይደረድርና «ይሄ ጦር፣ ይሄ ንጉሥ» ይላል፣ በእጁ ፈረስ ያስጋልባል። የጥንት አገሩ የጦር አለቆች ያለ ውጊያ እንዴት እንዳሸነፉ፣ ጠላትን በገዛ ጆሮውና በገዛ ዓይኑ እንዴት እንዳታለሉት ነበር የሚነግረው። አባቴ ማታ ሽሮውን እየበላ ለእኔ ይደግመዋል። ለእሱ ዓይነቱ ሰው ይህ ጥበብ ለታረሰ መሬት እንደመጣ ዝናብ ነበር።

አብልጦ የወደዳት የባዶዋን ከተማ ታሪክ ነው። አንድ የጦር አለቃ ወታደሮቹን ሌላ ቦታ ልኮ ከተማው ውስጥ ባዶ እጁን ቀርቶ ሳለ የጠላት ጦር ደረሰበት። በሩን እንደመዝጋት ወለል አድርጎ አስከፈተው። ሰዎቹን መንገድ አስጠረጋቸው። ራሱ ግንቡ ላይ ወጥቶ እንደ በገና ያለ ነገር እየደረደረ ተቀመጠ። የጠላት አዛዥ ይህን አይቶ፣ ይህ ሰው ሞኝ አይደለም፣ ውስጥ ያደፈጠ ጦር አለ ብሎ ሠራዊቱን ይዞ ተመለሰ።

አባቴ እዚህ ሲደርስ ትን እስኪለው ይስቃል። «አየሽ ልጄ? ማንም አላባረረው። የገዛ ጥርጣሬው ነው ያባረረው።»

በዚያው ዓመት ደስታው የሚባል ልጅ ወደድኩ። ሠርግ ላይ ነው የተዋወቅነው፤ እስክስታ ሲመታ ትከሻው እንጂ ምላሱ የማይፈጥን፣ ረጋ ያለ ልጅ ነበር። ከስግድ በዓል በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገረኝ። የሽማግሌዎቹ መሪ አጎቱ አያ ወርቁ ነበሩ። ከአገር ቤት በመጣነው ሰዎች ዘንድ ታዋቂ ናቸው፤ ስንቱን እምቢተኛ አባት በአንደበታቸው አለሳልሰዋል።

እዚህ ላይ ወጋችንን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሽማግሌ መጀመሪያ ሲመጣ የልጅቷ አባት እሺ አይልም። «ልጄ ገና ናት፣ ዘመድ ላማክር» ብሎ ይመልሳቸዋል። ደግመው ይመጣሉ፣ ደግሞ ይመልሳል። እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ ዝምድና ካለ ነገሩ ይቀራል። ልጁ የሚከበረው፣ ልጅቷም የምትከበረው በዚህ መመላለስ ነው። አባት ቢጓጓ እንኳ ጉጉቱን ዋጥ ያደርጋል።

የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አስፋልቱ ይሸታል፣ መንደሪን ገበያውን ሞልቶታል። አባቴ ፈቃድ ወስዶ ዋለ። ከምድር ቤት ጀምሮ ደረጃውን በመጥረጊያ ጠረገ። ወንበር ደረደረ፣ መንደሪን በሰፊ ሳህን አቀረበ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። እኔ ጅሏ ደስ ብሎት ነው አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ደጃፉ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ ነው ብድግ ያለው።

«ግቡ፣ ግቡ! ለልጄ ነው የመጣችሁት? ሰጥቻለሁ።»

አያ ወርቁ ስንት ቀን ያሰናዱት ንግግር አፋቸው ላይ ቀረ። «አያ ፈረደ፣ ገና ምኑን ተናገርን?»

«ምን ንግግር ያሻል? ልጁ ጨዋ ነው፣ ልጄም ወዳለች። የሠርጉን ቀን ቁረጡ፣ ቤሴደር።»

«ሰባት ቤት እንኳ ሳንቆጥር?»

«እናንተን አምናለሁ» አለ አባቴ፤ ቲማቲም ሻጭ እንኳ አምኖ የማያውቀው አባቴ።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አንደኛው ሽማግሌ መንደሪኑን ከመላጡ በፊት አሸተተው። ሌላው አንገቱን አስግጎ ወደ መኝታ ክፍሎቹ ያያል። እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ፣ አረማመዴን ሳይቀር። ብዙም ሳይቆዩ አያ ወርቁ ተነሡና «እንግዲህ… ዘመድ አማክረን እንመለሳለን» አሉ። አባቴ ማለት የነበረበትን እሳቸው ብለውት ወጡ።

አልተመለሱም። ወሬው ግን መጣ። ልጅቷ በሽታ ቢኖርባት ነው። የለም፣ ዘመዶች ናቸው፣ ሰባት ቤት እንዳይቆጠር ነው የቸኮለው። የለም፣ የሆነ ነገር አይቶባት ሳይገለጥ ሊያወጣት ነው። ነገሩ እስከ ሥራ ቦታዬ ደርሶ፣ አብራኝ የምትሠራ የአገሬ ልጅ ሆዴን በዓይኗ ስትለካ ያዝኳት። ስሜ በየሰው ቤት ሲዞር እኔ የአረጋውያኑን አንሶላ እየቀየርኩ በቁጭት እቃጠላለሁ።

ደስታው ከገደሉ አፋፍ፣ ባሕሩን ቁልቁል ከሚያየው አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቀኝ። ለውዝ ገዝቶልኝ ነበር፣ አልነካሁትም።

«ሽታዬ፣ አኒ ሎ ሜቪን፣ ምንም አልገባኝም» አለኝ። «አባትሽ ለምን እሺ አሉ?»

«እምቢ ቢልህ ይሻልህ ነበር?»

«አዎ፣ ይሻለኝ ነበር።» ለውዙን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «አጎቴ ጠይቃት ብሎኝ ነው። የደበቅሽኝ ነገር አለ?»

ከሁሉ ያመመኝ ይሄ ነው። ሌላው ይጠርጥር፣ አንተ ትጠረጥረኛለህ? ብዬ ጥዬው ሄድኩ፤ እስከ ቤቴ ድረስ በእግሬ እያለቀስኩ።

ቤት ስገባ አባቴ መንደሪን እየላጠ ነው። ልጣጩን ሳይበጥስ፣ ረጋ ብሎ። የእኔ ፊት አብጧል፣ የእሱ ጣት ግን አይቸኩልም።

«አባዬ፣ ለምን ወዲያው እሺ አልካቸው?»

«አንቺ ትወጂው የለ? ልከለክልሽ ኖሯል?»

ግማሹን መንደሪን ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ግን ዓይኔን አላየኝም።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። በእኛ ወግ «አይሆንም» ማለት «ተመለሱ» ማለት ነው። ሽማግሌ አንዴ ቢባረር አሥሬ ይመጣል። ድጋሚ የማያመጣው ቃል አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ወዲያው የተባለ «እሺ» ነው። የተጠረገው ደረጃ፣ የተከፈተው በር፣ የተደላደለው አባቴ! እኔን ሳያስቀይም፣ አንድ ክፉ ቃል ሳይናገር፣ የመጣውን ጦር መልሶታል። እንደዚያ ቀን በአባቴ ተናድጄ አላውቅም። ስለት ቢኖረኝ አውቶቡሱን ለሁለት እከፍለው ነበር።

ይሁን እንጂ እኔም የፈረደ ልጅ ነኝ፣ የሊንንም ተረት በሽሮ ላይ አብሬ በልቻለሁ። ሊን የጠላትን ወሬ አቀባይ አትግደለው፣ የምትፈልገውን ወሬ አጉርሰው የሚል ነገር ለአባቴ ነግሮት ነበር። ወሬ አቀባይዋ ደግሞ ከእኔ ሁለት ወንበር ፊት ተቀምጣለች፤ የደስታው አክስት፣ እትዬ ዘነበች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ለሰው እንዳይነግሩብኝ እንጂ፣ አባቴ ተጸጽቷል» አልኳት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቸኩዬ ልጄን ጣልኳት፣ ዳግመኛ ቢመጡም አልሰጥም ይላል።»

ዓይኗ በራ። «ማ ፒትኦም! ምን ሲባል! ልጃችን ምን ጎደለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ከእኛ ጋር አይመጣጠኑም ይላል።»

እትዬ ዘነበች ከመውረጃዋ ቀድማ ወረደች፤ አውቶቡሱ ሳይርቅ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አየሁት። ዛሬም ቢሆን በዚያ ውሸት ቅንጣት አልጸጸትም። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይላል የአገሬ ሰው።

ሳምንቱ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ከሥራ ገብቶ ጫማውን አውልቋል። ሲከፍት አያ ወርቁ ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው፣ ነጭ ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። «ልጅ ልንለምን መጥተናል» አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

አባቴ እነሱን አየ። ከዚያ ዞሮ ወጥ ቤቱ በር ላይ የቆምኩትን እኔን አየ። ማን እንደጠራቸው ገባው። አሁንም «እሺ፣ ግቡ» ቢል ሁሉም ነገር እንደሚያበቃ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ዳግመኛ በዚያ ደረጃ ላይ የሚወጣ ሽማግሌ አይኖርም። ቃሉ አፉ ውስጥ እንዳለ አይቻለሁ። ግድግዳውን ያዝኩ።

ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሰና ወገቡን አቃና።

«አይሆንም» አለ። «ልጄ ገና ልጅ ናት። ዘመድ ሳላማክር፣ ሰባት ቤት ሳላስቆጥር አልሰጥም። ሂዱ!»

በሩን ዘጋባቸው። ከውጭ የአያ ወርቁ ድምፅ ተሰማ፤ «ተመስገን! ወግ የሚያውቅ ሰው ነው» ይላሉ። እኔ እዚያው ተንበርክኬ ከደስታ ብዛት አነባሁ። አባቴ ጫማውን አጠለቀና ወደ ባሕሩ በኩል ወጣ።

ቀሪው እንደ ወጉ ሆነ። ለመጨረሻው ድርድር አባት ከጎኑ ዘመድ ማስቀመጥ አለበትና አባቴ ሊንን አመጣው። ሊን ፀጉሩን አበጥሮ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንድ ቃል ሳይሰማ ለሁሉም ነገር ራሱን በቁም ነገር እየነቀነቀ ተቀመጠ። አያ ወርቁ ከሰባት ቤት ቆጠራው ይልቅ እሱን ሲጠረጥሩ ዋሉ። ተጋባን። ኪርያት ሀሻሮን በሚባል ሰፈር ቤት ተከራየን፤ አባቴ ኤይን ሀትኽሌት ቀረ። ሊን ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ገባ። አባቴን ወደ እኛ ቤት ያመጣሁት መድኃኒቱን መርሳት ከጀመረ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ለኤላድ በዕብራይስጥ ነገርኩት። እየሳቀ ወደ አያቱ ጠቁሞ «ሳባ ሊቅ ነው! ይሄን ለአለቃዬ ነው የምነግረው» አለ። ሶፋው ላይ አባቴ ዓይኑን ገልጧል። ስንት ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩትን በአማርኛ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ አሁን እውነቱን ንገረኝ። ያኔ ልታባርራቸው ነበር አይደል?»

ነጠላውን ወደ ትከሻው ሳበ። «የዚህ ልጅ መምህር አንድ ነገር ዘሏል» አለ። «የጦር አለቃው በሩን ሲከፍት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ሊን ነው የነገረህ?»

«ሊን ምን ያውቃል? እኔ ነኝ የማውቀው።»

ኤላድ «ምን አለ? ምን አለ?» ይለኛል። አባቴን በብዙ ነገር ጠርጥሬዋለሁ፤ በተንኮል፣ በስስት፣ በእልህ። ብቻዬን እቀራለሁ ብሎ ፈርቶ ይሆናል ብዬ ግን አንድም ቀን ጠርጥሬው አላውቅም ነበር።