ያላመመ ቁስል

ባሌ ሁለት ሚስት አለው እያልሁ ጎረቤት አስቅ ነበር። አንዷ እኔ፤ ሁለተኛዋ ከሱዳን በኩል የምትመጣው፣ ቆንጠር አድርጎ ከታችኛው ከንፈሩ ስር የሚወትፋት የትምባሆ ሱረት። እሷን ያገባት ከእኔ በፊት ነው። ቤቷም የታወቀ ነው፤ ቀኝ በኩል።

እኛ አገር፣ ሽንፋ ቆላ ላይ፣ ሰሊጥ የሚያርስ ሰው ሁሉን ነገር በእርሻ ነው የሚለካው። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ከንፈሩን ገልብጦ በመስታወት ሲያይ ደረስሁበት። የሱረቷ ቦታ ነጭ ሆኗል፤ ቢፍቀውም አይለቅም። መሬቱ ደክሟል፣ ትንሽ ይረፍ አለና ሱረቷን ወደ ግራ አዛወራት። እኔም፣ አፌ አያርፍ፣ እንግዲያው ዘንድሮ ቀኙን ማሽላ ዝራበት አልሁት። ሁለታችንም ሳቅን።

ሰሊጡ በቅሎ፣ ታርሞ፣ አጨዳ ደረሰ፤ ያረፈው መሬት ግን አላገገመም። የነጩ ዳር ቀላ፣ መሀሉ ቆሰለ። ሐኪም ይየው ስለው፣ ካላመመኝ ምኑን ያየዋል ይለኛል። እሾህ ሲወጋው ቀበሌውን የሚያስነሳ ሰው እኮ ነው! መጨረሻ ላይ ወባ ይዞት ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ክኒኑን ስትሰጠው ከንፈሩን አየችና የወባውን ነገር ተወችው። አፍ ውስጥ ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል፣ ቢያምም ባያምም፣ ዝም አይባልም ብላ ወደ ጎንደር ሪፈር ጻፈችልን።

ጎንደር ሐኪሙ አንገቱን በጣቶቹ ዳሰሰ፤ እብጠት ፍለጋ ነው አለኝ። ድምፁ ጎርነን ብሎ እንደሆነ፣ ሲውጥ ይይዘው እንደሆነ ጠየቀ። መቼ እንደጀመረው ሲለው ባሌ ዓይኑን በጨው አጥቦ ከአጨዳ ወዲህ ነው አለ።

«ከዘር ጊዜ ጀምሮ ነው» አልሁ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «አይተውት ነበር?»

አዎ አልሁ። ያን ጊዜ ለባሌ ምን ብዬ እንደቀለድሁ ግን አልነገርሁትም። አፈርሁ።

ከቁስሉ ቆንጥረው መረመሩት፤ ካንሰር ነው፣ ግን ገና ጅምር ነው ተባልን። ቁስሉን ከነዙሪያው ቆርጠው አወጡለት። ሱረቷን ፈታት። አሁን ውሃ ሲጠጣ በቀኝ በኩል ይፈስበታል። በየወሩ በር ላይ ብርሃን ፊት አስቀምጬ አፉን አያለሁ፣ አንገቱን እዳስሳለሁ። ባለፈው ስዳስሰው እብጠት መስሎኝ ጣቴ አንድ ቦታ ላይ ቆየ፤ ምንም አልነበረም። እሱ ግን እጄን ያዘኝ።

«ሳቂብኝ እንጂ» አለኝ፣ «ዝም ስትዪ ነው የምፈራው።»